የይርጋነሽ በቅሎ

ቢቸና ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊው ደምለው «ፊት የለውም» ይባል ነበር። ዓይንና አፍንጫ ጎድሎት አይደለም፤ ደስታውም ንዴቱም ከቆዳው በላይ ስለማይወጣ ነው። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ካለው ዋርካ ሥር ጠረጴዛውን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ ባሏ የከዳት ታለቅስበታለች፣ ድንበሩን የተገፋ ይፎክርበታል፣ በአንድ በሬ የተጣሉ ወንድማማቾች እፊቱ ሊደባደቡ ይነሣሉ። እሱ ብዕሩን ቀለም እየነከረ ይጽፋል። ሲጨርስ «ጣትህን እዚህ አሳርፍ» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለም።

ይህን ፊት ያገኘው ከቅኔ ቤት ነው። ልጅ ሆኖ ዲማ ሲማር፣ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረውን ቅኔ ጠዋት ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ገና ከመጀመሪያው ቤት ላይ ያቆሙትና «ይኸን ለከብቶችህ ንገራቸው» ይሉታል። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ሲያውካካ ደምለው ቅንድቡን እንኳ አያነቃንቅም። ቅኔው ብዙም አልሄደለትም፤ ፊቱ ግን ተረፈው። ተርፎትስ ምን ላይ ዋለ? ካርታ ላይ!

በሃምሳዎቹ ዓመታት ፖከር የሚባለውን ጨዋታ ወደዚያ አገር ያመጣው ጀማል ነው። ጀማል ከሐረር ተመድቦ ሞጣ የመጣ ድሬሰር ሲሆን፣ ቀን መርፌ ይወጋል፣ በትርፍ ጊዜው ካርታ ያድላል። ጨዋታው አስቸጋሪ አይደለም። ለእያንዳንዱ አምስት ካርታ ይታደላል፤ ያልወደደውን ይለውጣል፤ ከዚያ ወዲያ መያዣ እየጨመሩ መፋጠጥ ነው። የደፈረ ይጨምራል፣ የፈራ ካርታውን ጥሎ ያስበላል። ታዲያ ሰው ባዶ እጁን ይዞም ቢሆን ከደፈረ፣ ሦስት ንጉሥ የያዘው ሰውዬ ፈርቶ ሊጥልለት ይችላል። ደምለው ይህን የሰማ ዕለት እግዜር ያንን ፊት ለምን እንደ ሰጠው የገባው መሰለው።

መያዣው የተቆላ ሽምብራ ነበር። ቁልሉ ምንን እንደሚወክል አስቀድመው ይስማማሉ፤ አንድ ቀን ሙክት፣ አንድ ቀን ገንቦ ማር። ቢቸና ውስጥ ደምለውን የሚችለው ጠፋ። የአስተማሪውን የዝናብ ካፖርት በላው፣ ከስልክ ቤቱ ሰውዬ ሁለት ቀፎ ማር ተረከበ። ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ያው አንድ ፊት ነው። «ከዚህ ሰውዬ ጋር ከመጫወት ከግድግዳ ጋር መጫወት ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ ክረምት ላይ ያለቅሳል» አለ አስተማሪው፣ ያለ ካፖርት እየተንቀጠቀጠ።

ችግሩ ሞጣ ላይ መጣ። ሞጣ ውስጥ ፋንታ የሚባል የቆዳና የከብት ነጋዴ ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ፊቱ ላይ ሁሉም ነገር እንደ ገበያ የተዘረጋ። ደምለው ለአንድ ባለጉዳይ ሞጣ በሄደ ጊዜ ከዚህ ሰውዬ ጋር ተቀመጠ። ፋንታ ደምለው ባዶ እጁን በደፈረ ቁጥር እየሳቀ ይጨምርበታል፤ ደምለው እውነተኛ ካርታ በያዘ ቁጥር ደግሞ እየሳቀ ይጥላል። ደምለው መጀመሪያ ማሩን አስበላ፣ ቀጥሎ ሰዓቱን። ከዚያ በኋላ ያደረገውን እሱም ራሱ ለማመን ተቸገረ፤ ተቀምጦባት የመጣውን በቅሎ አስይዞ ተበላ።

በቅሎዋ የእሱ አይደለችም፤ የሚስቱ ናት። ሸጊት ትባላለች። የይርጋነሽ አባት ባላምባራስ ገብረ ሕይወት ሮብ ገበያ አጠገብ ካለው ርስታቸው ላይ በእጃቸው አሳድገው፣ ልጃቸውን የዳሩ ዕለት «እግሯ መሬት እንዳይነካ» ብለው የሰጧት በቅሎ። ሽማግሌው በየዓመቱ ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ቢቸና ሲመጡ ከአማቻቸው በፊት ሰላም የሚሉት ሸጊትን ነው። ሲመርቁም ሲቆጡም አፋቸው አንድ ነው፤ ባደባባይ ያሉትን አይመልሱም። በሠርጉ ዕለትም ደምለውን በሽማግሎች ፊት «ልጄንም በቅሎዬንም አደራ፤ አንዷን ያጎደልክ ዕለት ሁለቱንም እወስዳለሁ» ብለውታል። ያኔ ሰው ሁሉ ስቆ ነበር፤ ባላምባራስ ግን አልሳቁም።

ደምለው ከሞጣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ተመለሰና ለይርጋነሽ እንዲህ አላት፤ «ሸጊት ጀርባዋ ተገጠበ። እስኪሽር ዘመድ ቤት ትቻት መጣሁ።»

ይርጋነሽ ብቅል ታሰጣ ነበር። ቀና ብላ አየችው። «ማተብህ ገብቷል፤ አውጣው» አለችውና ወደ ብቅሏ ተመለሰች። ይህ አመሏ ነው፤ ከተጋቡ ጀምሮ ኮሌታውና ማተቡ ላይ ዓይኗ አይጠፋም። ደምለው ጥቁሩን ክር ከኮሌታው ሥር አወጣና እፎይ አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው ተረት ግን ለሌላ ሰው የተተረተ አልነበረም። ሳምንት ሲያልፍ ይርጋነሽ «ተሻላት?» ስትል «ትንሽ ቀርቷታል» ይላታል፤ እሷም «ማተብህን» ትለዋለች። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ገና ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ንግሥ የሚመጡት የባላምባራስ ዱላ ድምፅ በደጃፉ ይሰማዋል።

ሚያዝያ ጊዮርጊስ ሲቃረብ በበቅሎዋ እንደገና እንጫወት ብሎ ለፋንታ ሰው ላከበት። ፋንታም በሳቅ መለሰ፤ «በቅሎዋን እርቃኗን ምን ላድርጋት? ኮርቻዋን ይዘህ ና። ካሸነፍከኝ በላይዋ ተቀምጠህ ትሄዳለህ፣ ካሸነፍኩህ በላይዋ ተቀምጬ እሸኝሃለሁ።»

ኮርቻውም የይርጋነሽ ነው፤ ቀይ ግምጃ የለበሰ፣ ከነልጓሙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። ደምለው አወረደው። «ጠፍሩ ላልቷል፤ ሞጣ ጎበዝ ሠራተኛ አለ አሉ» አላት።

«ማተብህን» አለችው ይርጋነሽ። ከዚያ እንደ ሌላው ጊዜ ወደ ሥራዋ አልተመለሰችም፤ በሩ ላይ ቆማ ኮርቻውን በጆንያ ሲያስር ዝም ብላ አየችው። ጭነት መኪናው ላይ ከወጣም በኋላ ቆማ ነበር።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሞጣ፣ ሀብትነሽ ጠጅ ቤት ተቀመጡ። ሸጊት ግቢው ውስጥ ካለው አጥር ላይ ታስራለች፤ ኮርቻው ከጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ተሰጥቶት እንደ ሦስተኛ ተጫዋች ተቀምጧል። ጀማል ያድላል። ለሁለቱም እኩል የሽምብራ ቁልል ተሰጣቸው፤ ባለቤቲቱ ሀብትነሽ ሕጉን ተናገረች።

«ፋኖስ ስሰቅል ጨዋታው አለቀ። ያኔ ቁልሉ የሚበልጠው በቅሎዋንም ኮርቻውንም ይወስዳል። ደግሞ ሽምብራዬን እየቆረጠማችሁ አታጉድሉብኝ፤ ባለፈው የአንድ ሙክት ግማሽ በልታችሁብኛል።»

ፋንታ ሳቀ። ደምለው አልሳቀም። ጀመሩ።

ነገሩ እንዳለፈው ሆነ። ደምለው ከንጉሥ የሚበልጠውን አስ ሁለት ሲይዝ ፋንታ ወዲያው ይጥላል፤ ባዶ እጁን ሲደፍር ደግሞ ፋንታ እየተዝናና ይጨምርበታል። ቁልሉ እየሟሸሸ ሄደ። ፊቱ እንደ ነበረ ነው። ከዚያ አንድ የማይረባ እጅ መጣለት፤ ሰባት፣ አራት፣ ሁለት፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ካርታዎች። አሁን ካልሆነ መቼ ብሎ አንድ እፍኝ ሽምብራ ገፋ። ቅንድቡ አልተነቃነቀም።

ፋንታ ቀና ብሎ አየው። ያየው ግን ፊቱን አልነበረም። ዓይኑ ዝቅ ብሎ ኮሌታው ላይ አረፈ፣ ትከሻው ላላ፣ እጁን ወደ ሽምብራው ላከ።

ደምለው የፋንታን ዓይን ተከትሎ ወደ ራሱ አየ። የገዛ እጁ አንገቱ ላይ ናት። ሁለት ጣቶቹ ማተቡን ይዘው ኮሌታው ሥር እየከተቱት ነው።

ያኔ የይርጋነሽ ድምፅ መጣበት። «ማተብህ ገብቷል፤ አውጣው።»

ከቅኔ ቤት የወጣ ሰው ነውና ለመፍታት አልዘገየም። ክርስትና የተነሣበትን ክር አንገቱ ላይ እያሳየ መዋሸት እጁ እምቢ ብላለች። እሱ ሳያዛት፣ ሳያማክራት፣ በዋሸ ቁጥር ማተቡን ትደብቅለታለች። ፊቱን አሥር ዓመት ሲያሠለጥን እጁን ረስቷታል። ፋንታም የከብት ነጋዴ ነው፤ የከብት ነጋዴ ጤናን የሚያየው ከአንገት ነው እንጂ ከፊት አይደለም።

«ጥያለሁ» አለ ደምለው ካርታውን እየደፋ። «አንድ ጊዜ ልውጣ።»

ግቢው ውስጥ ቆሞ ጥርሱን ነከሰ። መመለስና ጠረጴዛውን መገልበጥ አማረው፤ የፋንታን ሳቅ በቡጢ መዝጋት አማረው። ይህ ደም የሚሉት ነገር አንዴ ከተነሣ ካርታ እንደማያሳይ ያውቃል። ጀማል አዘውትሮ «ሰው የሚከስረው ሲሸነፍ አይደለም፤ ተሸንፎ ሲናደድ ነው» ይላል፤ መርፌ ሲወጋም ይህንኑ እየተናገረ ነው የሚወጋው። ደምለው ሸጊት አጠገብ ሄደና ግንባሩን አንገቷ ላይ አስደገፈ። ሸጊት አሸተተችውና ትከሻውን በከንፈሯ ነካካችው። ፋንታ በደንብ ቀልቧታል፤ ጎኗ ሞልቷል።

እንዲያ እንደቆመ ሌላው ነገር ገባው፣ ትልቁ። ይርጋነሽ ታውቃለች። ዛሬ አይደለም፤ ገና ጀርባዋ ተገጠበ ካላት ደቂቃ ጀምሮ ታውቃለች። ከዚያም በፊት የዋሻትን ሁሉ፣ የማኅበር ቤት አምሽቼ ነው ያላትን፣ ካፖርቱን ገዛሁት ያላትን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ታውቃለች። ማተብህን አውጣው እያለች በየጊዜው ነግራዋለች፤ እሱ ንጽሕና መስሎት ክሩን እያስተካከለ ይሄዳል።

ማፈር ነበረበት፤ አፈረም። ግን ከኀፍረቱ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ፣ ዕረፍት የመሰለ። ከዚያ ሁሉ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣው «ብታውቅስ?» የሚለው ነበር። እነሆ አውቃለች፤ ያም ሆኖ በሩ ላይ ቆማ ሸኝታዋለች። የፈራው ነገር ከመጣ ሰንብቷል፤ ቤቱም አልፈረሰም። ደምለው ከሸጊት አንገት ላይ ቀና አለ። አሁን የቀረው የባላምባራስ ነገር ነው።

ማተቡን አውጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ። መዋሸት ተወ። ካርታ ሲኖረው ይጨምራል፣ ሳይኖረው ይጥላል፤ ማተቡ ውጭ እንደሆነ ነው። ፋንታ የሚጠብቀው ነገር ስለቀረበት ይቁነጠነጥ ጀመር። ደምለው ይጥላል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ይጥላል፤ ብዙ ጥሎ ትንሽ ይበላል። አሰልቺ ነው፤ እንደ ጾም ነው። ቁልሉ ግን መሟሸሹን ተወና ቀስ እያለ ያገግም ጀመር።

ከመሐል አንድ ፈተና መጣ። ሦስት አስ ደረሰው። አሁን ጣቱን አንሥቶ ማተቡን ኮሌታው ሥር ቢከትት፣ ፋንታ ባዶ ነው ብሎ ያለውን ሁሉ ያፈስለታል። በቅሎዋም ኮርቻውም በዚህች አንዲት ምልክት ይመለሳሉ። እጁን አነሣ። አንገቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። እስከ ዛሬ ሲዋሽ እጁ ከማተቡ ሸሽታ ነው፤ ይህ ግን በማተቡ መዋሸት ሊሆን ነው። ጆሮውን አክኮ እጁን መለሰ። ፋንታ ማተቡን አየና ካርታውን ጣለ፤ ደምለው በሦስት አስ አንድ ጭብጥ ሽምብራ በላ። ጀማል የደምለውን ሦስት አስ ገልጦ አይቶ «ምን ዓይነት ጨዋታ ነው ይኼ?» አለ። ሰውዬው ለዓመታት ፊት ሲያጠና ኖሯል፤ ክርስቲያን አይደለምና ክሩን ልብ ብሎት አያውቅም።

ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሀብትነሽ ከጓዳ ፋኖሱን ይዛ ወጥታ መስታወቱን በጨርቅ ትወለውል ጀመር። የፋንታ ቁልል አሁንም ይበልጣል።

«የመጨረሻው ነው» አለ ጀማልና አደለ።

ደምለው አምስቱን ካርታዎች በመዳፉ ሥር ይዞ አሰበ። ባየው ያውቃል፤ ካወቀ ደግሞ እጁ ታውቃለች፤ እጁ ካወቀች ፋንታ ያውቃል። መልካም ካርታ ከሆነ ፋንታ ይጥልና ትንሽ ያስበላል፤ ክፉ ካርታ ከሆነ እጁ ትነግርበታለች። እጁን ቢይዛት ላቡ ይናገራል። ሰው የማያውቀውን ግን ሊዋሽ አይችልም።

ካርታዎቹን አነሣ፤ እንደ ወትሮው ደረቱ ላይ አስጠግቶ ዘረጋቸው፤ ዓይኑንም በካርታዎቹ አናት ላይ አሻግሮ የሀብትነሽን ፋኖስ ተመለከተ። አንዱንም አላየ።

ፋንታ ሁለት ካርታ ለወጠ፣ ገልጦ አየ፣ ጉንጩ በደስታ ሞላ።

«አንተስ? ስንት ትለውጣለህ?» አለ ጀማል ወደ ደምለው ዞሮ።

«አልለውጥም» አለ ደምለው። እውነቱን ነው።

የፋንታ ሳቅ ትንሽ ቀነሰ፤ ቢሆንም ከቁልሉ ግማሽ የሚያህለውን ገፋ። ደምለው በሁለት ክንዱ ቁልሉን በሙሉ ሰብስቦ ወደ መሐል ገፋው። አንዲት ሽምብራ መሬት ወደቀች፤ ሀብትነሽ «እሷንም ቁጠሩ» አለች። ደምለው ውስጥ አለኝ የሚል ነገር አልነበረም፤ የለኝም የሚልም አልነበረም። እንዲያ ሆኖ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ በሕይወቱ አያውቅም ነበር። እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝታለች።

ፋንታ ኮሌታውን አየ። ማተቡ እዚያው ደረቱ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ አየ፣ ላቡን ጠረገ። ካርታውን አንዴ ገለጠ፣ ደግሞ ከደነ። «አልለውጥም ብሏል» አለ ለራሱ። «ማተቡንም…» አለና ቃሉን ዋጠው። ሀብትነሽ ለፋኖሷ ክብሪት ጫረች።

«ወሰድካት!» ብሎ ፋንታ ካርታውን ወረወረው። ተገልብጦ ሲወድቅ ሦስት ንግሥቶች ነበሩ። ጀማል በቁሙ ጮኸ።

ሀብትነሽ ፋኖሱን ሰቀለች። መቁጠር አላስፈለገም።

«በእናትህ አሳየኝ፤ ምን ይዘህ ነው?» አለ ፋንታ እጁን እየዘረጋ።

«እኔም አላየሁትም።»

«እሱን ለሌላ ሰው ንገር!»

«በማተቤ» አለ ደምለው፤ አምስቱን ካርታዎች ሳይገልጥ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀላቸው። ፋንታ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ እንደ አመሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው ደምለው እስከ ዛሬ አያውቅም። ኮርቻውን ራሱ ፋንታ ጫነለት። «ደህና በቅሎ ናት፤ ግን እኔን አትወደኝም፤ ሁለቴ ነክሳኛለች» አለው ልጓሙን እየሰጠው።

ጉንደ ወይን አድሮ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ቢቸና ገባ። ይርጋነሽ ለንግሡ ጠላ ጠንስሳ ግቢው ውስጥ ጋን ታጥን ነበር። ሸጊት በሩን ስታይ ልጓሙን አስጥላ ሮጠች። ይርጋነሽ ጋኑን ትታ የበቅሎዋን ፊት በሁለት እጇ ያዘች፤ ግንባሯን ዳበሰች፣ ጀርባዋን ዳበሰች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ጀርባዋ ዳነ?» አለችው።

መልሱ አፉ ላይ ነበር። በቅሎዋ መጥታለች፣ ኮርቻው መጥቷል፣ «ዳነ» ቢል ነገሩ እዚያው ላይ ይዘጋል። እሷም ትዘጋዋለች፤ እንደ እስከ ዛሬው።

«ጀርባዋ ምንም አልነበረም» አለ። «በካርታ ተበልቼባት ነው። ኮርቻሽንም ለሠራተኛ አልወሰድኩትም፤ አስይዤው ነበር። ተዋርጄ ነበር ይርጋነሽ። ይቅር በይኝ።»

ይርጋነሽ ጋኑ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ደምለው እፊቷ ተንበረከከ። ሲቀርባት ለቅሶው ወደ ሳቅ ተለውጦ አገኘው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነበሩ።

«የካርታውን ነገር የሞጣ ቅቤ ነጋዴዎች ናቸው የነገሩኝ፤ ገና በሳምንቱ» አለችው። «በቅሎዋ ብትቀርም ትቅር ብዬ ነበር። የፈራሁት አንተ ሳትነግረኝ እንዳትሞት ነው።»

«እኔ ደግሞ እንዳታውቂ…» ብሎ ደምለው ሊጨርሰው አልቻለም። ዓይኑ ሞላ።

«ቆይ፤ እኔም ያልነገርኩህ አለ» አለች ይርጋነሽ ዓይኗን እየጠረገች። «ባለፈው ጎረቤታችን ቢሆነኝ ወደ ሮብ ገበያ ሲሄድ ለአባባ ላኩባቸው። ሸጊትን ዥብ በላት ብዬ።»

«ዥብ?»

«ምን ልበል? ባሌ በካርታ ተበላ ልበላቸው? በንግሡ ቀን በሰው መሐል እንዳይጠይቁህ ብዬ ነው። አንገቷ ብቻ ተረፈ በላቸው ብዬዋለሁ።»

ደምለው ሸጊትን አየ። ሸጊት የተሰጣውን ብቅል እየበላች ነው። ሳቁ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ይርጋነሽም ሳቀች። ጎረቤት ይርገዱ ሰውዬው ታመመ ብላ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየች፤ ማመልከቻ ጸሐፊው ሲስቅ ሰምታ አታውቅም።

«ነገ ማታ ይገባሉ» አለች ይርጋነሽ። «እስከዚያ የምንለውን እንመካከራለን።»

ግን መመካከሪያ ጊዜ አላገኙም። ባላምባራስ ገብረ ሕይወት የልጃቸው ኀዘን አላስቀምጥ ብሏቸው ኖሮ ቀናቸውን አስቀድመው ነበር። በእግራቸው፣ አቧራ ለብሰው፣ የራሳቸውን መቀመጫ በቅሎ በልጓሟ እየሳቡ በሩ ላይ ደረሱ። በቅሎዋ ጀርባ ላይ አዲስ ግላስ ተነጥፏል። ለስጦታ ያመጧትን በቅሎ ጌጧን እንዳላቆሽሽ ብለው ከሩቅ አገር ጀምረው አልተቀመጡባትም።

«ልጄ» አሉ ገና ከደጃፍ፣ «አይዞሽ፣ ያለ በቅሎ አትቀሪም፤ እኔስ ከእንግዲህ የት እሄዳለሁ ብዬ…»

ሸጊት ድምፃቸውን ሰማች። ቀና ብላ ጮኸች፤ ብቅሉ ከአፏ እየረገፈ ወደ እሳቸው ሄደችና እንደ ልጅነቷ ራሷን ብብታቸው ሥር ወሸቀች።

ሽማግሌው ቆሙ። የሞተችውን በቅሎ ጆሮ ዳሰሱ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ።

«እኔ ነኝ አባባ» አለች ይርጋነሽ።

«እኔ ነኝ» አለ ደምለው፣ እኩል።

ባላምባራስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አንድ በአንድ» አሉ።

ደምለው ጀመረ። ምንም አልቀነሰም፤ ካርታውን፣ ሽምብራውን፣ ጀርባዋ ተገጠበ ያለውን፣ ኮርቻውን፣ ሁሉንም ተናገረ። ፊቱ ቀላ፣ ደግሞ ነጣ። ይርጋነሽ የዥቡን ጨመረች። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አላቋረጧቸውም።

«በሠርጉ ዕለት ያልኩህን ታስታውሳለህ?» አሉ ደምለውን።

«አስታውሳለሁ።»

«አንዷን አጉድለሃል።»

«አጉድያለሁ።»

ባላምባራስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ቃሌን አላጥፍም፤ ግን የምትሄጅው አንቺ ነሽና ልጠይቅሽ። እንግዲህ ይዤሽ ልሂድ?»

ይርጋነሽ ከጋኑ አጠገብ ተነሥታ የአባቷን በቅሎ ልጓም አነሣች፤ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በአባቷ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«በቅሎዎን ይዘው ይመለሱ አባባ፤ በእግርዎ እንዳይደክሙ» አለች። «እኔ ቤቴ ነኝ።»